ድርቆሹ ነው ወይስ እንስሳው?

የሐርጌሳው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዘፋኙ ከመሐመድ ሞጌ ሊባን ነው፤ መድረኩን ትቶ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄን ተቀላቅሎ በትግል የወደቀ ሰው ነው። ሰፈሩ የከተማ ሰፈር ቢሆንም እንደ ቀሪው ሐርጌሳ ከእንስሳት አልተላቀቀም። ከግንቡ አጥር ጀርባ ሁለት ሦስት ፍየል የሚያረባ ቤተሰብ አለ። ለፍየሎቹ የሚቀርበው የደረቀ ሳርና የማሽላ አገዳ ከከተማው በስተ ምዕራብ ካሉት ከገቢሌና ከቶጎ ውጫሌ አካባቢዎች ይመጣል። ዝናቡ የሚጥለው “ጉ” እና “ካራን” በሚባሉት ወቅቶች፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ ባሉት ወራት ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው በጂላል ምድሩ ይነጣል፣ እንስሳውም በተከማቸ መኖ ይሰነብታል። መኖው ሲራገፍና ሲበተን አፍንጫው የሚፈስ፣ ዓይኑን የሚያሽ፣ ማታ ደግሞ ደረቱ የሚያፏጭ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ “አቧራ ነው” ተብሎ ይታለፋል። እኔ ይህን ምዕራፍ የጻፍሁት መታለፍ የለበትም ብዬ ስለማምን ነው።

ፍየል ግቢ ውስጥ ስለሚውል ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል። ድርቆሽን ከግቢ አንስቶ ወደ ሳሎን፣ አልፎም ልጅ ወደሚተኛበት ክፍል የሚያስገባው ጊኒ ፒግ የሚባለው ትንሽ እንስሳ ነው። በሐርጌሳም በአዲስ አበባም ይህ እንስሳ ብርቅ ነው። በሎንዶን፣ በስቶክሆልምና በዋሽንግተን የሚኖሩ ሐበሻና ሶማሌ ወላጆች ግን ያውቁታል፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ወይም ጎረቤት ቤት አይተውት “ይገዛልን” ብለው ያስቸግራሉ። ከዚያ ተመልሰው ሐርጌሳ ቤት የሠሩ ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። እንስሳው ቤት በገባ በወሩ ልጁ ማስነጠስ ሲጀምር ወላጅ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ “ይውጣልኝ!” እንስሳው ይሰጣል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ማስነጠሱ ግን አንዳንዴ በሚቀጥለው የሳር ወቅት ተመልሶ ይመጣል።

ታዲያ ድርቆሹን ብቻ ከቤት አውጥቶ እንስሳውን ማስቀረት አይቻልም ወይ? አይቻልም። ጊኒ ፒግ ከአንዲስ ተራሮች የመጣ፣ የዚያ አገር ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ለሥጋው ያላመዱት እንስሳ ነው። ሃያዎቹም ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ የሚያሳጥራቸው ሻካራ ሳር ማኘክ ነው። ሳር ካጣ የኋላ ጥርሱ ምላሱ ላይ እየተጣመመ መብላት ይከለክለዋል። አንጀቱም እንዲንቀሳቀስ ሳሩ ዘወትር መግባት አለበት፤ አንድ ቀን ያልበላ ጊኒ ፒግ አደጋ ላይ ነው። በከረጢት የሚሸጠው እንክብል መኖ ድርቆሹን አይተካም። (ቫይታሚን ሲን እንደ ሰው ራሱ መሥራት ስለማይችል በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ገደማ ከፈረንጅ ቃሪያና ከመሳሰለው አረንጓዴ ነገር ማግኘት አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ሳይገዛው ቢቀር ይሻላል።) ብቻውን መኖርም አይወድም። ስዊዘርላንድ በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ለብቻው ማቆየትን ከልክላለች። ሁለት እንስሳ ማለት ደግሞ ሁለት እጥፍ ድርቆሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በቤቱ አየር ውስጥ በትክክል የሚያሳምመው ምንድን ነው የሚለው ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ የሳር አበባ ብናኝ፣ በድርቆሹ ውስጥ ያደገ ሻጋታና ቅንቅን፣ እንስሳው ራሱ። ሦስቱ በአንድ ክፍል ስለሚገናኙ አንድ ይመስላሉ። መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው፤ ልፋት ሁሉ ከንቱ የሚቀረውም ሳይለዩ ሲጀምሩ ነው።

አበባውን እናስቀድም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦስቶክ በ1819 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሐኪሞች ማኅበር ያነበበው ጽሑፍ በየበጋው ስለሚነሳበት ስለገዛ ራሱ ሕመም ነበር። በዘመኑ ሰው የትኩስ ድርቆሽ ሽታ ያማል ይል ነበር፤ ቦስቶክ ራሱ ያመካኘው በሙቀቱ ነው። ምሥጢሩን የፈታው የማንቸስተሩ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ ነው። እሱም ታማሚ ነበር። የሳር አበባ ብናኝ በአፍንጫው ሳበ፣ ቆዳውን ጭሮ ብናኙን ቀባበት፣ በአየር ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ለማወቅም ተለጣፊ መስታወት በካይት ወደ ሰማይ ሰደደ። በ1873 ያሳተመው መጽሐፉ የበጋውን ማስነጠስ ከሳር አበባ ጋር አገናኘው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ የዚያ ጭረት ልጅ ነው።

በእኛ በኢትዮጵያ ደጋ መስከረም ላይ አፍንጫው የተዘጋ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ አደይ አበባ ነው፤ ከሜዳው ሁሉ ጎልታ የምትታየው እሷ ናትና። ነገር ግን የአደይ ብናኝ ከባድና ተለጣፊ ነው፤ በንብ እግር ይሄዳል እንጂ አየር ላይ ብዙም አይንሳፈፍም። ጥፋተኛው ከሥሯ የበቀለው፣ ማንም አበባ አለው ብሎ የማያየው ሳር ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ የሳር ዛላ ቀርበው ቢያዩ ከክር በቀጠነ ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያያሉ። በጣት መታ ሲደረጉ ቢጫ ጢስ የመሰለ ነገር ይወጣል። ንብ ስለማትጎበኘው ሳሩ ያለው ተስፋ ነፋስ ብቻ ነው፣ ስለዚህም ብናኙን ያለ ስስት ይበትናል። ሳሩ በዚያ ሰዓት ከታጨደ ብናኙ አብሮ ይደርቃል፣ ከነዶው ጋር ይታሰራል፣ ከወራት በኋላ እስሩ ሲፈታ ያን ጊዜ እንደነበረው ሆኖ ይወጣል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ሰውነት ብናኙን መጀመሪያ ሲያገኘው በስህተት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል፣ አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካልም ይሠራለታል። ይህ አካል በአፍንጫ፣ በዓይንና በሳንባ ሽፋን ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ብናኙ ዳግም ሲመጣ ሕዋሳቱ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ማሳከኩ፣ ማስነጠሱ፣ ውሃ ውሃ ማለቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይለቃል፤ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። ይኸኛው ትኩሳት የለውም፣ ዓይን ያሳክካል፣ ድርቆሹ እስካለ ድረስም አይለቅም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። የሳር አበባ ቅንጣት በአንጻሩ ትልቅ ስለሆነ አብዛኛው አፍንጫና ዓይን ላይ ይቀራል። የሻጋታ ዘር ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ የአንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ዘር ደግሞ አንድ ማይክሮን ገደማ ብቻ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጫፍ ይዘልቃል። ይህ የሚመጣው ከአጨዳው ነው። ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ድርቆሽ በማቅረብ የታወቀ ነው፤ ሳሩ ክረምቱ ሲወጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ታጭዶ፣ በፀሐይ ተገላብጦ፣ ይታሰራል። ያልተጠበቀ ዝናብ በታጨደው ላይ ከወረደና ሳይደርቅ ከታሰረ እስሩ ከውስጥ መሞቅ ይጀምራል። ከ15 እስከ 20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ የተከመረ ሳር ሙቀት ወዳድ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ሙቀቱ እጅግ ሲበረታ ክምሩ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ካልተቃጠለም መሐሉ ግራጫ ዱቄት ይሆናል።

ያን ዱቄት ደጋግሞ የሚስብን ሰው “የገበሬ ሳንባ” የሚባለው በሽታ ሊይዘው ይችላል። የእንግሊዙ ሐኪም ካምቤል በሻገተ ድርቆሽ በሠሩ ገበሬዎች ላይ ያየውን በ1932 ጽፎታል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። ሰውየው ጠዋት ድርቆሽ አራግፎ ምንም ሳይሰማው ይውላል፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በማግሥቱ ይሻለዋል፣ እንደገና ሲያራግፍ ይመለስበታል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ወባ ነው ወይም ብርድ መቶት ነው ይባላል፤ ሳሉ ሲከርም ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ይጠረጠራል። በዓመታት ውስጥ ሳንባው ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። እባካችሁ፣ ከድርቆሽ ጋር የሚውል ሰው ለሐኪሙ ሥራውን ሳይጠየቅ ይናገር፤ ቤቱ ጊኒ ፒግ ወይም ጥንቸል ያለውም እንዲሁ።

እንስሳው ሦስተኛ ነው። ሰው የሚወቅሰው ፀጉሩን ነው፤ የሚያሳምሙት ግን በምራቁ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፀጉሩ የእነሱ መጓጓዣ ነው። ሽንቱ በጎጆው ምንጣፍ ላይ ሲደርቅ ወደ ብናኝነት ይለወጣል፣ ጎጆው ሲጸዳም ይነሳል። ጊኒ ፒግን በሚመራመሩባቸው ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩ ሰዎች በዚህ የታወቀ የሥራ ሕመም ይሠቃያሉ፤ እዚያ የጎጆ ጽዳት በጭንብልና በጓንት የሚደረገው ለዚህም ጭምር ነው።

ሦስቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ ከመፈለግ በፊት ቀላል ትዝብት ይቀድማል። አንድ ሰው ድርቆሹን በሌላ ክፍል ያስቀምጥ፤ እንስሳውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጎ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይያዘው። ክንዱ ላይ ቀይ ሽፍታ ከወጣ፣ ዓይኑ ከበላው፣ እንስሳው ተጠርጣሪ ነው። በሌላ ቀን ያለ እንስሳው አንድ እፍኝ ድርቆሽ ይንካ። ቶሎ ካስነጠሰ የአበባ ብናኝ ወይም ቅንቅን ነው፤ ማታ ካተኮሰውና ካሳለው ሻጋታ ይሆናል። ክንድ ላይ የሚወጣ ሽፍታ ሁሉ ደግሞ አለርጂ አይደለም፤ ደረቅ ሳር ሲቧጭር ብቻውን ያቀላል። አስም ያለበትና ከዚህ በፊት ትንፋሹ ክፉኛ የተዘጋበት ሰው ግን ይህን በራሱ አይሞክር፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

የቆዳ ወይም የደም ምርመራ የሚያገኝ ሰውም ወረቀቱን ብቻ ይዞ አይፍረድ። ለዚህ የአገራችን ማስረጃ አለ። በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመው የጅማ ጥናት በከተማውና በዙሪያው ገጠር የሚኖሩ ሰዎችን አነጻጽሮ አስምና ማፏጨት በከተማ ጎልቶ መታየቱን አሳይቷል። የሚያስገርመው ሌላው ግኝት ነው፦ በገጠር ቆዳቸው ለአቧራ ቅንቅን ምላሽ የሰጠ ሰዎች ብዙዎቹ አይታመሙም ነበር። ቆዳ ምላሽ መስጠቱ ብቻውን በሽታ አይደለም ማለት ነው። በዚያው በጅማ በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቤት ውስጥ በኬሮሲን ማብሰል ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ማግኘቱን አሳውቋል። ሐርጌሳ ውስጥ ምግብ በአብዛኛው የሚበስለው በከሰል ነው። በጢስ የተቆጣ አፍንጫ ለድርቆሹም ትዕግሥት ያጣል፤ ስለዚህ ምድጃውን ወደ ደጅ ማውጣት እንስሳውን ከመሸኘት በፊት መሞከር ያለበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ድርቆሹ። ሲገዙ እስሩን ያስፈቱ፣ እጅዎን እስከ መሐሉ ያስገቡ። ሙቀት ከተሰማዎት አይግዙ። ከመሐሉ አንድ ጭብጥ አውጥተው በፀሐይ ጨረር አቅጣጫ ያራግፉት፤ ጥሩ ድርቆሽ ስብርባሪ ቅጠልና ጥቂት ዘር ይጥላል፣ መጥፎው ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ግራጫ ጭጋግ ያወጣል። ቀለሙ አረንጓዴነቱን ያልጣለ፣ ሽታው እንደ ሻይ ቅጠል ደስ የሚል ይሁን፤ ምድር ቤት የሚሸት ወይም ነጭ ክር የተጠላለፈበት ከሆነ ለላምም ለጊኒ ፒግም አይሆንም። ሳሩ ከማበቡ በፊት የታጨደ ቢሆን የአበባው ብናኝ ያንሳል። ነጋዴውን መቼ እንደታጨደ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በአውሮፓና በአሜሪካ የጊኒ ፒግ ድርቆሽ ከሁሉ በብዛት የሚሸጠው ከቲሞቲ ሳር ነው፤ ይህ ሳር ደግሞ ከታወቁት አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው። ሱቁ “ወደ ኦርቻርድ ሳር ቀይሩ” ይላል። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው ቲሞቲ የሚያስነጥሰው ሰው በኦርቻርድም ማስነጠሱ ብዙ ጊዜ አይቀርም። የበርሙዳና የሮድስ ሳር ግን ከሌላ የሳር ንዑስ ቤተሰብ ናቸው። ቲሞቲ ካሉት ኃይለኛ አለርጂ አምጪ ፕሮቲኖች አንዱ በርሙዳ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ለአንዳንድ ሰው ለውጡ እፎይታ ይሰጣል። ሮድስ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፣ በኢትዮጵያም ለመኖ ይዘራል። እዚህ ያደገ ሰው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውና የሚያስነጥሰው እሱው ሊሆን ይችላልና ትንሽ ወስዶ መሞከር ይሻላል። አልፋልፋ ለጎልማሳ ጊኒ ፒግ አይሁን፤ ካልሲየሙ በዝቶ የሽንት ፊኛ ጠጠር ያስከትላል።

በጂላል ደረቅ አየር ውስጥ ከሁሉ የሚረዳው ውሃ ነው። እናቶቻችን ደጅ ከመጥረጋቸው በፊት ውሃ እርጭት የሚያደርጉበትን ልማድ ወደ ድርቆሹ ያምጡት፤ የዕለቱን ድርሻ ብቻ ደጅ ላይ አለርጂ የሌለበት ሰው ያራግፈው፣ ውሃ እፍ ይበልበት፣ ከዚያ ይስጥ። የረጠበ ድርቆሽ ማደር የለበትም፣ በማግሥቱ ይሻግታልና። የቀረው እስር ከቤት ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያስገባ ማዳበሪያ ከረጢት ይቀመጥ። ፕላስቲክ ውስጥ የታፈነ ድርቆሽ ያልባል። ዝናብ ባለበት ወር ደግሞ ለምለም ሳር ማጨድ ይቻላል፤ ካላበበ ብናኝ የለውም፣ እንስሳውም ይወደዋል። ቀስ በቀስ ይለማመድ እንጂ ድንገት አይሁን፣ ሆዱ ይነፋል።

ጎጆው ከመኝታ ቤት ይውጣ። ከድርቆሽና ከጥድ ሰጋቱራ ይልቅ የሚታጠብ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍበት፤ ጨርቁ ደጅ ተራግፎ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ማጽዳቱ የታማሚው ተራ አይሁን፤ ከሆነም ኤን 95 ጭንብል ያድርግ። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ጥቃቅኑን ዘር አይከለክልም። እንስሳውን የያዘ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይንካ፣ ልብሱን ሳይቀይር አልጋ ላይ አይውጣ።

መድኃኒትን በተመለከተ ከልብ የምለምነው ነገር አለ። ሴቲሪዚን ወይም ሎራታዲን ማሳከክንና ማስነጠስን ይቀንሳል፣ እንቅልፍም እንደ ድሮው ክሎርፌኒራሚን አያበዛም፤ ድርቆሽ ከመነካቱ አስቀድሞ ቢወሰድ ይሻላል። የተዘጋ አፍንጫን ግን ይበልጥ የሚከፍተው በየቀኑ የሚረጨው ቤክሎሜታዞን ወይም ፍሉቲካዞን ነው። ሙሉ ሥራውን ለመሥራት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን “አልሠራልኝም” ብሎ ይተወዋል፣ ያሳዝናል። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ ከቀጠሉ አፍንጫው ያለ እነሱ እንዳይከፈት ያደርጋሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየወቅቱ የስቴሮይድ መርፌ መወጋት ደግሞ አጥንትን፣ ስኳርንና የደም ግፊትን የሚነካ ነገር ነው። ደረቱ የሚያፏጭ ሰው አስም ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ “ኢንሄለር ከተለመደ አይለቅም” የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ኢንሄለር ሱስ አያስይዝም፤ በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚያርፍ መጠኑ ከኪኒንና ከመርፌ በብዙ ያነሰ ነው። አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያቋርጥ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ የሚገባ ልጅ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ፤ እስከ ነገ ማሳደር የለም።

ሰውነትን ቀስ በቀስ ከብናኙ ጋር የሚያስታርቅ ሕክምናም አለ። ሊዮናርድ ኑን በ1911 በሎንዶን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ያደረገውን ሙከራ ያሳተመው በሳር ብናኝ ላይ ነው። ዛሬ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ኪኒን ይሰጣል፣ ሦስት ዓመት ገደማም ይፈልጋል። በሐርጌሳ የሚኖር ቤተሰብ ሊመካበት የሚችል አይመስለኝም፤ ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያለ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የልጁ አስም ካልተረጋጋና ምርመራውም ትዝብቱም እንስሳውን ካመለከቱ እንስሳው መሄድ አለበት። ይህን ስጽፍ አልቀለለኝም፤ ሐሳቤ ግን ከልጁ ሳንባ ጋር ነው። ሲሄድ ጓደኛው አብሮት ይሂድ፣ ስለ ድርቆሹና ስለ ቫይታሚኑ ለተቀባዩ ይነገረው። ልጁም ውሳኔውን ከወላጁ አንደበት ይስማ እንጂ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባዶ ጎጆ አያግኝ። የእንስሳው ፕሮቲን በምንጣፍ፣ በሶፋና በመጋረጃ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ልጁ በሳምንቱ ካልተሻለው ውሳኔው ተሳስቷል ማለት አይደለም። መጋረጃው ይውረድ፣ ምንጣፉ ደጅ ተሰጥቶ ይታጠብ፣ የሶፋው ልብስ ይቀየር፤ መድኃኒቱንም ሐኪሙ እስኪቀንሰው ድረስ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም።